ከደመና በላይ የወጣ እርም

በእኛ ቤት ለዓመታት ቢላ ተስሎ አያውቅም ነበር። የሽንኩርት መክተፊያውን ማለቴ አይደለም፤ የበግ ማረጃውን ነው። ሟቹ አባቴ ከማገሩ ላይ እንደሰካው ዝጎ ቀርቷል። ፋሲካ ሲመጣ የጎረቤት የዶሮ ወጥና የጥብስ ሽታ አጥር ተሻግሮ ይመጣል፤ እኛ ግን በእንቁላልና በአይብ ጾም እንፈታለን። የሰፈሩ ሰው በሬ ገዝቶ ቅርጫ ሲገባ የእኛን ቤት መዝለል ከለመደ ቆይቷል።

ስሜ ስመኝ ነው። ደብረ ታቦር ከተማ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ያደግኩት ግን ከጉና ግርጌ፣ ገሳይ አጠገብ፣ ገብስና አተር ከሚያመርት ቤት ነው። ቢላው የዛገው በወንድሜ በሙሉቀን ምክንያት ነው።

ሙሉቀን ታላቄ ነበር። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ እወርዳለሁ ብሎ የተነሳ ቀን እናቴ ምንቸት አብሽ ሠርታ ሸኘችው። ልጇ የሚወደው ወጥ ነው፤ ሥጋውን አድቅቃ ከትፋ፣ በቅቤ አርሳ አቀረበችለት። በልቶ ሲያበቃ የመጨረሻዋን ጉርሻ ጠቅልሎ ለእሷ አጎረሳትና፣ "ሰሊጡ ሲያልቅ እመጣለሁ፣ እምዬ" አላት። ሰሊጡ አለቀ። እሱ ግን ከመተማ ሱዳን፣ ከሱዳን ሊቢያ ገባ። አንድ ቀን ከባህሩ ዳር ደወለና፣ "ዛሬ ጀልባ ላይ እንወጣለን፣ ማዶ ስደርስ እደውላለሁ" አለን። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማንም።

ጀልባዋ ተገለበጠች የሚል ወሬ መጣ። ከተረፉት አንዱ የጎረቤት ወረዳ፣ የእስቴ ልጅ ነበርና ሰው ልከን አስጠየቅነው። "ሙሉቀን ሲሰጥም አላየሁም፤ ከውኃው ሲወጣም አላየሁም" ብሎ መለሰ። ለእናቴ ይህቺ ቃል በቃቻት። የንስሐ አባታችን ቄስ ምናለ ሽማግሌ ይዘው መጡና፣ እርሟን እንድታወጣ፣ ለልጇ ተለቅሶለት ፍትሐት እንዲደረግለት ለመኗት።

"አባ፣ አልቅሼ ልግደለው ነው የሚሉኝ?" አለቻቸው። "ሬሳውን ማን አየው? ማንስ ቀበረው? እኔ ልጄን በዓይኔ እስካይ ሥጋ እርሜ ነው። ሥጋ የበላሁ ዕለት ያን ጊዜ ልጅሽ ሞቷል በሉኝ።"

ቄስ ምናለ መስቀላቸውን አሳልመዋት ወጡ። ከዚያ በኋላ የሚደፍራት አልተገኘም።

እኔ ደግሞ እጮኛ ነበረኝ። ጌትነት ይባላል፣ አስተማሪ ነው። ሽማግሌ ልኮ እናቴ "ልጅቱን ሰጥቻለሁ" ብላለች። ነገር ግን አስከትላ፣ "ድግሱ ወንድሟ ሲመጣ ነው፤ እሱ ሳይመጣ በቤቴ ቢላ አይሳልም" አለች። ሽማግሌዎቹ በዓመቱ ቢመለሱም መልሷ ያው ሆነ። ጌትነት "ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈርም" ይለኛል። እኔ ግን ከእናቴ ደጅ ተመርቄ ካልወጣሁ አልወጣም አልኩ። እሱ ታጋሽ ነው፤ እኔ አይደለሁም። በእናቴ እናደዳለሁ፣ ደግሞ ደጃፍ ቁጭ ብላ መንገዱን ስታይ ሳገኛት ታሳዝነኛለች። ያለንበት ኑሮ ይህ ነበር፤ አልቅሰን አልወጣልን፣ ስቀን አልኖርን።

ታላቅ እህታችን ብርቱካን ሮም ከተማ አግብታ ትኖራለች። ስታረግዝ "እምዬ መጥታ ካላረሰችኝ" ብላ አለቀሰች። እናቴ "ቤቴን ዘግቼ? ልጄ መጥቶ በሩ ተዘግቶ ቢያገኘውስ?" ብላ እንቢ አለች። አንድ ቀን ግን ከገሳይ መጥታ፣ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም ጠየቀችኝ።

"ሮም የሚባለው ያን ባህር ተሻግሮ ነው?"

"አዎ እምዬ።"

"አውሮፕላኑስ በላዩ ነው የሚያልፍ?"

"በላዩ ነው።"

"እንግዲያ እሄዳለሁ" አለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ቋንቋም ፊደልም ስለማታውቅ እኔ አብሬያት እንድሄድ ተደረገ።

ጊዜው የፍስክ ወራት ነበር። ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነሳን። የአየር መንገዱን ስም መጥቀስ አያስፈልገኝም። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በጉልበቷ ላይ የቆሎ ስልቻዋን ይዛ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። አውሮፕላኑ ሲነሳ አማተበች፤ ከዚያ በኋላ ዓይኗ ከፊቷ ካለው ስክሪን አልተነቀለም። አንዲት ትንሽ አውሮፕላን በካርታ ላይ ቀስ እያለች ስትሄድ ያሳያል።

"ይች እኛ ነን?"

"እኛ ነን።"

"ይኼ ብጫውስ?"

"በረሃው ነው።"

"እሱ በእግሩ ያለፈበት?"

"እሱም በዚህ ነው ያለፈው፣ እምዬ።"

ብጫውን በጣቷ ዳሰሰችው። ትንሽ ቆይታ "ባህሩ ገና ነው?" አለች። "ገና ነው" አልኳት። ሁለተኛም ጠየቀች፣ ሦስተኛም። በመጨረሻ "ሲደርስ እነግርሻለሁ፣ አሁን እህል ቅመሽ" ብዬ ተቆጣኋት። ከትናንት ማታ ጀምሮ ከቆሎ በቀር ምንም አልቀመሰችም ነበርና።

ብርቱካን ቲኬቱን ስትገዛ ሥጋ የሌለበት ምግብ እንዲመጣልን አዝዛለች። ተሳፋሪው ሁሉ ገና ሲጠብቅ አንዲት አስተናጋጅ የወንበራችንን ቁጥር አይታ የእኛን ሁለት ሳህን ቀድማ አመጣች። እኔም ልማዴ ነውና መረመርኳት።

"ሥጋ የለበትም አይደል?"

"የለበትም፣ ከእጽዋት ብቻ የተሠራ ነው" አለችኝ በእንግሊዝኛ።

"ምን አለች?" አለች እናቴ።

"የጾም ነው፣ ብዪ።"

ክዳኑን ገለጥኩላት። ከሩዝ ጎን በቀይ ወጥ የራሰ፣ ደቀቅ ደቀቅ ያለ ቡናማ ነገር አለ። እንፋሎቱ ፊቷን መታው። አማተበች፣ በማንኪያ ጨለፈች፣ ጎረሰች። አንዴ አላመጠች፣ ሁለቴ አላመጠች፣ ከዚያ አገጯ ቆመ። ዓይኖቿን ጨፈነች። የታመመች መስሎኝ ክንዷን ያዝኩ።

"ስመኝ።"

"አቤት እምዬ።"

"ይኼ ሥጋ ነው።"

"አይደለም፣ የጾም ነው ብላኛለች እኮ።"

"አንች ልጅ፣ ምንቸት አብሽ አይጠፋኝም። ሥጋ ነው።"

የእጅ መጥረጊያ ወረቀቱን ከአፏ ሥር ዘርግቼ "ትፊው!" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። አፏ ውስጥ የያዘችውን ቀስ ብላ ዋጠችው። እኔ ከራሴ ሳህን ጨልፌ ቀመስኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሥጋ ነው! ቅባቱ፣ ጥርስ ላይ የሚሳበው ነገር፣ ሁሉ ነገሩ ሥጋ። ሳህን አሳስተው ነው ብዬ ደሜ ፈላ፤ ተነስቼ ልጮህባቸው ቀበቶዬን ስፈታ እናቴ እጄን ያዘችኝ።

"የት ነን?" አለችኝ በጣቷ ስክሪኑን እያሳየች።

ቀና ብዬ አየሁ። ትንሿ አውሮፕላን ብጫውን ጨርሳ ሰማያዊው ላይ ገብታለች። መዋሸት አልቻልኩም።

"ባህሩ ላይ ነን" አልኳት።

"ነገረኝ" አለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። "በሰው አፍ አላምን ብለው፣ ልጄ ራሱ በጉርሻው ነገረኝ።"

ሳህኑን ገፋችው። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ይህን ያየ ያገሬ ሰው ምን እንደሆነ ያውቃል። ደረቷን መታች። ከዚያ ለዓመታት አፍና የያዘችው ድምፅ ወጣ፤ እዚያ ሰማይ ላይ፣ ሻንጣ መደርደሪያው ሥር፣ እናቴ ሙሾ አወረደች።

"ጉና ላይ ያሳደግሁት፣ ብርዱ ያልደፈረው፣
የሰው አገር ውኃ ምን ብሎ ወሰደው።
አፈር አላለበስሁ፣ ደንጊያ አልጫንሁብህ፣
ከደመናው በላይ እንባ ላዝንብብህ።"

ሰው ሁሉ ዞረ። ከኋላችን ያለው ፈረንጅ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ። አስተናጋጇ ሮጣ መጥታ፣ "ልባቸውን አሟቸው ነው? ሐኪም እንጥራ?" ትለኛለች። በሞያዬ ስለ በሽታ ለማስረዳት ቃል አጥቼ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን በእንግሊዝኛ ልቅሶ ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አቃተኝ። "አልታመመችም" ብቻ አልኳት።

ከፊት ወንበሮች አንዲት ጠና ያሉ ሐበሻ ሴት ተነስተው መጡ። እናቴን አዩ፣ ነጠላዋን አዩ። ጎንበስ ብለው ጠየቁኝ።

"ማን ሞቶ ነው፣ ልጄ?"

"ወንድሜ።"

"መቼ?"

"አሁን" አልኳቸው።

ሌላ አልጠየቁም። ሻርፓቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ከወንበሬ ጎን፣ መተላለፊያው ላይ፣ ተንበርክከው ከእናቴ ጋር ማልቀስ ጀመሩ። ልጁን አያውቁት፣ እኛን አያውቁን። "ወይኔ ልጄን! ወይኔ ወንድሜን!" ይላሉ። እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ እናቴን ስጠብቅ፣ ስናደድ፣ ስለ ሠርጌ ስብሰለሰል፣ ወንድም እንደሞተብኝ ለካ ለራሴ ነግሬው አላውቅም። የኚያን ሴት ድምፅ ስሰማ ተበጠስኩ። ሙሉቀን በጀርባው አዝሎ ወንዝ ያሻገረኝ ታየኝ፤ ስሙን እየጠራሁ አብሬያቸው አለቀስኩ።

ልቅሶው በረድ ሲል አስተናጋጇ ተመለሰች። ምን እንደሆነ እኚያው ሴት አስረድተዋት ኖሮ ፊቷ ቀልቷል። በእጇ ምግቡ የመጣበትን ካርቶን ይዛለች። አጠገቤ ተንበረከከችና ጽሑፉን በጣቷ አሳየችኝ።

"እባክሽ ንገሪያቸው" አለች። "ሥጋ አይደለም። ሥጋ እንዲመስል ተደርጎ ከአተር የተሠራ ነው። አዲስ ምግብ ነው፤ ብዙ ሰው ይሳሳታል።"

አነበብኩት። አተር። ውኃ። ዘይት። ጨው። መልሼ አነበብኩት፣ ያው ነው።

አንባቢዎች ሆይ፣ እስኪ ለአፍታ በእኔ ቦታ ሁኑ። እናቴ ለዓመታት ያላለቀሰችውን አልቅሳለች። ፊቷን አየሁት፤ ደክሟል፣ አብጧል፣ ግን ያ ሁልጊዜ መንገድ የሚያይ የዓይኗ ውጥረት ረግቦ ነበር። ይህን ካርቶን አጥፌ ኪሴ ብከተው ነገሩ አበቃ። ፍትሐት ይደረጋል፣ ቢላው ይሳላል፣ እኔም እዳራለሁ። ብነግራት ግን እርሟ አልፈረሰም ማለት ነው። ነጠላዋን መልሳ ታጣፋና ደጃፏ ላይ ትቀመጣለች፤ ያን ደጃፍ ደግሞ አውቀዋለሁ። አስተናጋጇ ዓይን ዓይኔን ታያለች። እኚያ ሴት "ምን አለች?" ይሉኛል። 

ግን የልጅ ሞት በእናት ፊት እንዴት በውሸት ይቆማል? ነገ ከነገ ወዲያ አንድ ሰው ቢነግራትስ? ከዚያም በላይ፣ ልጇን የምትቀብረው እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም።

"እምዬ" አልኳት። "የበላሽው ሥጋ አይደለም። አተር ነው።"

ቀና አለች። "ምን?"

"አተር። ፈረንጆች ሥጋ አስመስለው የሠሩት አተር። ይኸው ተጽፏል።"

ካርቶኑን ተቀበለችኝ። ማንበብ ባትችልም አገላብጣ አየችው። ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችና ከዚያ ቡናማ ነገር ቆንጥራ፣ ዘር እንደምትመርጥ፣ በጣቶቿ መሐል አሸችው፤ አሸተተችውም።

"አተር ዘርቼ፣ አጭጄ፣ ወቅቼ፣ ከክቼ ነው ያረጀሁ" አለች። "አተር እንዲህ ይሆናል?"

"ሆነ እንግዲህ።"

"ስለዚህ እርሜን አልበላሁም?"

"አልበላሽም፣ እምዬ።"

"ሙሉቀንም አልሞተም ለማለት ነው?"

 እኚያ ሴት አቀረቀሩ። እናቴ ወደ መስኮቱ ዞረች። ደመናው ተገልጦ ታች ውኃው ይታያል፤ ሰፊ ነው፣ ዳር የለውም። የጣና ዳር ሰው አይደለችም እንጂ ጣናን አይታለች፤ ይህንን ግን አስባውም የምታውቅ አይመስለኝም። ግንባሯን መስታወቱ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው። 

"ይኼን ያህል ነው?" አለች በመጨረሻ።

"ይኼን ያህል ነው።"

"ወንዝ ነገር መስሎኝ ነበር እኮ። ዋኝቶ የሚወጣበት መስሎኝ።"

ዞራ አየችኝ። ዓይኗ ደርቋል።

"ተይው ስመኝ። ምግቡ አተር ይሁን፣ ከፈለገም ሽምብራ ይሁን። እንባዬ ግን የአተር አይደለም። የእናት እንባ አንዴ ከወረደ ወዴት ይመለሳል?"

ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ተወችው።

እኚያ ሴት ይህን ሲሰሙ እንባቸውን ጠርገው ማንኪያውን አነሱ። አገር ቤት ከቀብር ሲመለሱ ሐዘንተኛን አስገድዶ ማብላት የጎረቤት ሥራ ነው። "እንግዲህ እህል ቅመሱ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎ፣ በሞቴ" ብለው አጎረሷት። እናቴ ያንን አተር እስከ መጨረሻው በላችው። እኔንም አጎረሱኝ። ከዚያ ስማቸውን ሳልጠይቃቸው ወደ ወንበራቸው ሄዱ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሮም ስንደርስ ብርቱካን ወልዳ ሆስፒታል ተኝታለች። እናቴ በሩ ላይ ቆም ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች፤ አራስ ፊት በሐዘን አይገባም። እልል ብላ ገባች፣ ሕፃኑን ታቀፈችው፣ እፍ እፍ አለችው። ብርቱካን "ስም አውጪለት፣ እምዬ" ስትላት እናቴ ሕፃኑን እንጂ እሷን ሳታይ፣ "ምትኩ በሉት" አለች።

ምትኩ የሚባለው በሞተ ሰው ምትክ የተወለደ ነው። ብርቱካን እኔን አየችኝ። ሌላ ማርዳት አላስፈለጋትም። ትራሷን ነክሳ አለቀሰች፤ እናቴም ልጁን እንደታቀፈች ፀጉሯን ዳበሰቻት።

እናቴ ብርቱካንን አርሳ ስትጨርስ ገሳይ ተመለስን። ቄስ ምናለን አስጠርታ፣ "አባ፣ ፍትሐት ያድርጉልኝ" አለቻቸው። ደነገጡ።

"ምን አይተሽ ነው፣ ልጄ? ሥጋ በላሽ?"

"የለ አባ፣ አተር ነው የበላሁ። ባህሩን ግን አየሁት።"

እንደገና አልጠየቋትም። አገር ተሰብስቦ አለቀሰ፤ ለሙሉቀን ቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። አስከሬን ስለሌለ ጋቢውን ሳጥን ውስጥ አድርገን፣ ከአባታችን ጎን አፈር አለበስነው። እናቴ ያን ዕለት ከሁሉም ያነሰ ያለቀሰች ናት።

እናንተ ሰው የጠፋባችሁ፣ እኔ እንባ አውጡ ብዬ አልመክራችሁም። ያን ለማለት የእናንተን ባህር አላየሁትም። እኔ ግን አንድ ነገር ተምሬአለሁ። እናቴን ለዓመታት ግትር ናት እል ነበር፤ ብቻዋን በር ይዛ ቆማ ነበር እንጂ ግትር አልነበረችም፤ እኔም ከጎኗ ቆሜ በሩን አብሬ መያዝ ሲገባኝ የራሴን ሠርግ ቀን ነበር የምቆጥረው። እንዲህ ብዬ ራሴን ስወቅስ አንድ ቀን ሰማችኝ። "አርፈሽ ተቀመጭ፣ አንች ባትነግሪኝ ኑሮ ያው አተር ልጄን በቀበረው ነበር" አለችኝ። ዛሬ መድኃኒት ቤት ሰው መጥቶ "ዘመዴ ጠፍቶ እንቅልፍ አጣሁ" ሲለኝ ኪኒን ከመስጠቴ በፊት ወንበር እስባለሁ። "ማን ነው የጠፋብዎ?" ብዬ እጠይቃለሁ። ጌትነት "ሱቁ ልቅሶ ቤት ሆነ" እያለ ይቀልድብኛል። ይሁን።

ሠርጌ የሙሉቀን ሙት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በጥር ሆነ። ቢላውን ከማገሩ ላይ ያወረደችው እናቴ ራሷ ናት። ጎረቤት ድንጋይ አምጥቶ ሳለው፤ ድምፁ ግቢውን ሞላው። በሬው ታርዶ፣ ወጡ ተሠርቶ፣ ድንኳኑ ሲሞላ፣ እናቴን ከጓዳ ጎትቼ አወጣኋትና ምንቸት አብሽ ጠቅልዬ አጎረስኳት። ሰው ሁሉ ታሪኩን ያውቃል። ቄስ ምናለ ብርሌያቸውን አስቀመጡ።

እናቴ ዓይኖቿን ጨፍና ቀስ ብላ አላመጠች፤ ረጅም ጊዜ አላመጠች። ዋጠች። አንድ የእንባ ዘለላ በጉንጯ ወረደ፤ እሷ ግን ፈገግ አለች።

"አዬ ስመኝ" አለችኝ። "ያስ እውነትም አተር ነበር።"

ከዚያ አፏን ከፈተችልኝ፤ ሁለተኛ አጎረስኳት።